የድሃ ታካሚን ናሙና ለምርምር መውሰድ፦ ለጥናት ቡድኖች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ለምርምር ደም፣ ባዮፕሲ (ለምርመራ ከአካል የሚወሰድ ትንሽ ቁራጭ)፣ አክታ፣ የእንግዴ ልጅ ወይም በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕጢ ለሚሰበስቡ ሁሉ ነው፦ ለዋና ተመራማሪው፣ ለጥናት ነርሷ፣ ለላቦራቶሪና ለፓቶሎጂ ባለሙያው፣ ፍሪዘሩን ለሚጠብቀውም ጭምር። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያጸደቀው ደብዳቤ ሳይኖር ምንም አይጀመርም። ኮሚቴው ግን የሚያየው የተጻፈውን ፕሮፖዛል ነው፤ ከሌሊት ጀምራ ወረፋ ለያዘች እናት ምን እንደተነገራት አያይም። ድሃ ታካሚ በአብዛኛው የሚበደለው እዚያ ነው፤ ሁለተኛም የናሙናው ቱቦ ከዓመታት በኋላ ከፍሪዘር ወጥቶ ለሌላ ጥናት ሲውል ነው። ከታች በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

ፈቃድ አንድ ጊዜ ተጠይቆ አያልቅም

እ.ኤ.አ. በ1951 መጀመሪያ ሄንሪየታ ላክስ የተባለች የአምስት ልጆች እናት የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። ዕድሜዋ 30 ነበር፤ በትንባሆ እርሻ ላይ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሆስፒታሉ በዚያ የዘር መድልዎ ዘመን ድሃ ጥቁሮችን፣ በተለየ ክፍልም ቢሆን፣ ተቀብለው ከሚያክሙት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። ሐኪሙ የራዲየም ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊት ከዕጢውም ከጤነኛውም አካል ትንንሽ ቁራጭ ወስዶ ወደ ሴል ተመራማሪው ጆርጅ ጋይ ላቦራቶሪ ላከ። እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። የሌሎች ታካሚዎች ሴሎች በላቦራቶሪ ውስጥ ቶሎ ሲሞቱ የእሷ ግን በየ24 ሰዓቱ ገደማ በእጥፍ እየተባዙ ቀጠሉ፤ «ሄላ» ተብለው ዓለምን አዳረሱ፣ የፖሊዮ ክትባት ተፈተሸባቸው፣ በገበያም ተሸጡ። እሷ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን በ31 ዓመቷ አረፈች።

ቤተሰቡ ነገሩን የሰማው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከልጆቿ ደም ሊወስዱ ሲመጡ ነው፤ ያን ጊዜም ደሙ ለምን እንደተፈለገ በቅጡ አልተብራራላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የሴሎቹ ሙሉ የዘረመል መረጃ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ይፋ ወጣ። ተቃውሞ ከተነሳ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በዚያው ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ተስማማ፤ መረጃውን ማን ይጠቀምበት የሚለውን በሚወስነው ቡድን ውስጥ ከቤተሰቡ ሁለት ሰዎች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተሰቡ የሄላ ሴሎችን ከሚሸጠው ቴርሞ ፊሸር ከተባለ ኩባንያ ጋር የነበረው ክስ በስምምነት ተዘጋ።

ለሥራችን የሚጠቅመን ነገር ጥያቄ ማቅረብ የሚገባባቸው ጊዜዎች ሦስት መሆናቸው ነው፦ ቁራጩ ሲወሰድ፣ ወደ ቤተሰቡ ተመልሶ ሲኬድ፣ መረጃው ሲታተም። ሦስቱም ጊዜ ታልፏል። በ1951 ሐኪሙ የተላለፈው ሕግ አልነበረም፤ ስለዚህ «ሕግ አልጣስንም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ፕሮፖዛላችሁን ስትጽፉ የናሙናውን መንገድ ከታካሚው ክንድ እስከ መጨረሻው ማከማቻ በአንድ ገጽ ላይ ሳሉት፤ አዲስ ውሳኔ የሚወሰንበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉበት። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ማን እንደሚጠየቅ መጻፍ ካልቻላችሁ ፕሮፖዛሉ ገና አልደረሰም።

ቅጹን ከመጻፍ በፊት ሕዝቡን ጠይቁ

በወላይታ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሠሩ ገበሬዎችን ስለሚይዘው የእግር ዝሆኔ፣ የዘረመል ጥናት ከመካሄዱ በፊት ተመራማሪዎች የአካባቢው ሰው ስለ ጥናት ምን እንደሚያስብ አስቀድመው አጥንተው ነበር። የታየው ስጋት መርፌውን የሚመለከት ብቻ አልነበረም። በሽታው በዘር ይተላለፋል የሚል ጥናት መካሄዱ ራሱ ቤተሰቡን የሚያስገልል፣ ልጆቹንም ትዳር የሚያሳጣ ሆኖ ታያቸው። እንዲህ ያለ ጉዳት በተለመደ የስምምነት ቅጽ «ስጋቶች» ክፍል ውስጥ አይገኝም፤ እዚያ ተጽፎ የሚገኘው «መርፌው ሊያም ይችላል» የሚለው ነው።

ይህን ቅድመ ጥናት ጥቂት ቀናት መድቡለት። ታካሚዎችን፣ አስታማሚዎችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፣ የእድርና የሃይማኖት አባቶችን ለየብቻ አነጋግሩ። የሚወሰደው ደም የት ይሄዳል ብለው ያስባሉ? በቤት ውስጥ ውሳኔው የማን ነው? የበሽታው ስም ሲጠራ የሚያፍረው ማነው? ከዚህ በፊት የመጣ የጥናት ቡድን ምን ቃል ገብቶ ሳይፈጽም ሄደ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኛ ግምት ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሽማግሌ ወይም ቀበሌ በሩን ሊከፍትላችሁ ይችላል፤ ለግለሰቡ ግን ፈቃድ ሊሰጥለት አይችልም።

ማን፣ መቼና የት ይጠይቅ

የሚያክመው ሐኪም አይጠይቅ። የነፃ ሕክምና ወረቀት ይዞ ከገጠር የመጣ ሰው ሐኪሙን እምቢ ካለ አልጋው የሚወሰድበት፣ መድኃኒቱ የሚዘገይበት ይመስለዋል። «እሺ ዶክተር፣ እርስዎ እንዳሉ» የሚለው መልስ አክብሮት እንጂ ፈቃድ ላይሆን ይችላል። ጠያቂው በሕክምናው ውሳኔ ውስጥ እጁ የሌለበት፣ የታካሚውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ይሁን። ጋውን ባይለብስ ይመረጣል።

ጊዜው ደግሞ እንዲህ ይያዝ። ለቀዶ ሕክምና በተዘጋጀ ሰው ላይ፣ ማደንዘዣ ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ፣ ክፉ ምርመራ ውጤት በተነገረበት ሰዓት አትጠይቁ። የእንግዴ ልጅ ወይም የእትብት ደም የምትፈልጉ ከሆነ በእርግዝና ክትትል ወቅት ጠይቁ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት የፈረመችው ፊርማ ዋጋ የለውም። አስቸኳይ ካልሆነ አንድ ሌሊት እንዲያድሩበት፣ ከቤተሰብ ጋር እንዲመክሩበት ስጡ። ተመልሶ ያልመጣ ሰው እምቢ እንዳለ ይቆጠራል፤ ስልክ እየደወሉ መወትወት የለም።

ቦታው ሌላ ታካሚ የማይሰማበት ይሁን። ክፍል ከሌለ መጋረጃ፣ መጋረጃ ከሌለ ከወረፋው ራቅ ያለ አግዳሚ ወንበር።

ምን ይባል፣ እንዴት ይባል

ንግግሩ ከሕክምናው በመለየት ይጀምር። ለአንድ አዛውንት ለምሳሌ፦

«አባባ፣ አሁን የምነግርዎት ከሕክምናዎ የተለየ ነገር ነው። ሐኪምዎ ዕጢውን የሚያወጣው ለእርስዎ ጤና ነው። እኛ ደግሞ ከወጣው ላይ ለምርመራ ከሚበቃው የተረፈውን ትንሽ ቁራጭ ለጥናት እንድንጠቀምበት ልንለምንዎት ነው። እምቢ ቢሉ ሐኪምዎ አያውቅም፣ መድኃኒትዎም አይቀርም፣ ወረፋዎም አይለወጥም። ጥናቱ ለእርስዎ ለራስዎ ፈውስ ላያመጣ ይችላል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ድሃ ታካሚ ጥናትን ከሕክምና ጋር የሚያዋህደው ስላልገባው ብቻ አይደለም፤ የሚታከምበት ሌላ ቦታ ስለሌለውም ነው። «ሐኪምዎ አያውቅም» የምትሉት ደግሞ የእውነት የማያውቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ የእምቢታ መዝገቡ ከታካሚው ካርድ ጋር እንዳይያያዝ አድርጉ።

መጠኑን በሚታይ ነገር ንገሩ። 5 ሚሊ ሊትር ደም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። የደሙ ቱቦ ስንት እንደሆነ አሳዩ፤ ባዶውን ቱቦ እጃቸው ላይ ስጧቸው። ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም እንዳለና የተወሰደው እንደሚተካ ተናገሩ፤ «ደሜ ካለቀ አይመለስም» የሚል ስጋት ያለበት ሰው ብዙ ነው፣ አፍሮም አይጠይቅም።

አንድ ፊርማ ለሁሉም ነገር አትውሰዱ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የራሳቸው «እሺ» እና «እምቢ» ሳጥን ያስፈልጋቸዋል፦

- ናሙናው ለዚህ ጥናት እንዲውል፤
- የተረፈው በዚሁ በሽታ ላይ ለሚደረግ ወደፊት ጥናት እንዲቀመጥ፣ ለስንት ዓመትም እንደሆነ፤
- ለማንኛውም ሌላ የጤና ጥናት እንዲውል፤
- ከአገር እንዲወጣ፤
- ሙሉ የዘረመል ንባብ እንዲደረግበት፤
- ከእሱ ትርፍ የሚያገኝ ኩባንያ እንዲጠቀምበት፤
- ለጤናቸው የሚጠቅም ነገር ከተገኘ ተፈልገው እንዲነገራቸው።

የመጀመሪያውን ብቻ እሺ ብሎ ሌላውን ሁሉ እምቢ ያለ ሰው ሙሉ ተሳታፊ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ቶሎ ለመጨረስ ሲሉ ሁሉንም ሳጥን በአንድ ዓይነት ምልክት ይሞላሉ። መቆጣጠሪያው ቀላል ነው፦ ከአንድ ሰብሳቢ በመጡ ሃያ ቅጾች ላይ አንድም «እምቢ» ከሌለ ሄዳችሁ ንግግሩን ተቀምጣችሁ ስሙ።

ከመፈረም በፊት «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ይልቁንም «እማማ፣ ቤት ሲገቡ ልጆችዎ ምን ወሰዱብሽ ቢሉዎት ምን ይሏቸዋል?» በሉ። ከመልሱ ውስጥ አራት ነገር ፈልጉ፦ የተወሰደው ምንድን ነው፣ ለምንድን ነው፣ እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ፣ የተረፈው ምን ይሆናል። የጎደለውን ደግማችሁ አስረዱ። ሁለተኛም ካልተገኘ ያን ሰው አትመዝግቡ፤ ቅጹ ከብዷል ማለት ስለሆነ ቅጹን አስተካክሉ።

ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በሚናገርበት ቋንቋ ይነበብለት። ምስክሩ ከጥናቱ ደመወዝ የማይቀበል ሰው ሆኖ ከመጀመሪያው ቃል እስከ አሻራው ድረስ ይቀመጥ። በስተመጨረሻ ከኮሪደር ተጠርቶ የሚፈርም ምስክር የሚመሰክረው ጣቱ ቀለም መንካቱን ብቻ ነው። ለሕፃን ወላጅ ይፈቅዳል፣ ልጁም በዕድሜው ልክ ይጠየቃል፤ ናሙናው ተቀምጦ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው እንደ አዋቂ እንደገና ይጠየቃል። ለዚህ የሚሆን በጀትና የስልክ መዝገብ ከወዲሁ ካልተያዘ የሕፃናት ናሙና ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡ።

ገንዘብና ነፃ ምርመራ

የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ የቀን ሠራተኛ ከሆነም የቀረበትን የቀን ሒሳብ ክፈሉ። ለአካሉ ቁራጭ ዋጋ አይተመንም፤ የሚከፈለው ለጊዜውና ለወጪው ነው፣ መጠኑንም ኮሚቴው ያጽድቀው። ሰውየውን ለጥናቱ ብላችሁ ከቤቱ የጠራችሁት ከሆነ ክፍያው ንግግሩ እንዳለቀ እሺ ላለውም እምቢ ላለውም እኩል ይሰጥ። ከፊርማ በኋላ ብቻ የሚሰጥ 300 ብር ልጁን ምን ላብላ ለሚል ሰው ትእዛዝ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስገድደው ነፃ ምርመራ ነው። ታካሚው ሊከፍል የማይችለውን ምርመራ የሚያገኘው ጥናቱ ውስጥ ሲገባ ብቻ ከሆነ እምቢ የሚልበት መንገድ የለውም። መፍትሔው ለሕክምናው የግድ የሚያስፈልገውን ምርመራ እምቢ ላሉትም ከጥናቱ በጀት መሸፈን ነው። በጀቱ ካልቻለ የተሳታፊውን ቁጥር ቀንሱ።

ላቦራቶሪው ውስጥ፦ መጀመሪያ ለታካሚው

ባዮፕሲ ሲመጣ ቅድሚያው ምርመራ ነው። ቁራጩ ቢያንስ ዐሥር እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ለጥናት በበረዶ የሚቀመጥ ክፍል ካለ ከዕጢው የትኛው ጎን እንደሚቆረጥ የሚወስነው ፓቶሎጂስቱ እንጂ የጥናቱ ረዳት አይደለም፤ የዕጢው ጠርዝ ከተነካ ዕጢው በሙሉ መውጣት አለመውጣቱን ማወቅ ይቸግራል።

በፓራፊን ብሎክ ላይ፣ ማለትም ቁራጩ በሰም ተይዞ በሚቀመጥበት ጡብ ላይ፣ የሚፈጠረው ጉዳት ዝምተኛ ነው። አንድ የመርፌ ባዮፕሲ ብሎክ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ባላቸው ስስ ሽፋኖች ይቆረጣል፣ ያልቃልም። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ከስድስት ወር በኋላ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ቢታዘዝላትና ብሎኩ በጥናት ቢያልቅ ሌላ ባዮፕሲ ያስፈልጋታል፤ ለእሱም የምትከፍለው፣ የምትታመመውም እሷ ናት። ገንዘብ ያላት ሴት ሌላ ሆስፒታል ሄዳ ታሠራለች፤ ድሃዋ ያለ ምርመራው ትቀራለች። ስለዚህ ጥናቱ ከመነካካቱ በፊት ለሕክምና የሚቀመጠው መጠን በጽሑፍ ይወሰን፤ ትንሽ ብሎክ ከሆነ ጥናቱ ይቅር።

ፍሪዘሩም የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀመጥ ናሙና መብራት ሲጠፋ ከቀለጠ የሰዎቹ ደም በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። ጄኔሬተሩ በራሱ መነሳቱን በየሳምንቱ ፈትሹ፣ ሙቀቱን በቀን ሁለት ጊዜ መዝግቡ፣ የእያንዳንዱን ሳጥን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ከፍሪዘሩ ውጭ አስቀምጡ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ የምታስቀምጡትን ቀንሱ።

ኮድ

«ሄላ» የሚለው ስም የተሠራው ከሄንሪየታ እና ከላክስ የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ እንዲህ ያለ ስም የሰውን ማንነት ለመገመት መንገድ ይከፍታል። በቱቦ ላይ የስም ፊደል፣ የካርድ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን አይጻፍ። ተራ ያልጠበቀ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ሕንፃ ወይም በተቆለፈ ካዝና ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ ይድረስበት።

ስምን ከመረጃው ላይ ማውጣት ብቻውን ማንነትን አይሸሽግም። ብርቅ በሽታ፣ ትንሽ ቀበሌ፣ ዕድሜና ጾታ አንድ ላይ ሲታተሙ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በሠንጠረዥ ላይ ከአምስት ሰው በታች የሆነ ረድፍ ካለ ከሌላው ጋር ቀላቅሉት፣ ቀበሌውን ወደ ዞን አሳድጉት። የዘረመል ንባብ ያለበትን መረጃ ደግሞ «ማንነቱ አይታወቅም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ዘረመል በራሱ መለያ ነው። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች ስለሚመድብ የተቋማችሁ የሕግ ክፍል የመረጃ አያያዙን ሳያየው አትጀምሩ።

ሁለተኛው ጥናት

በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ሥር የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደም ሰጡ። የተነገራቸው ስለ ስኳር በሽታ ነበር፤ ስኳር ሕዝቡን እየጨረሰው ስለነበር በደስታ ሰጡ። የፈረሙት ቅጽ ግን ሰፋ ያለ ነበር፦ የጠባይና የጤና መታወክ መንስኤዎችን ማጥናት የሚል። ደሙ በኋላ ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ቅርብ ዘመድ ጋብቻ፣ ቅድመ አያቶቻቸው ከየት እንደመጡ ለሚያጠኑ ሥራዎች ዋለ። የመጨረሻው «ከዚሁ ሸለቆ ነን» ከሚለው እምነታቸው ጋር በቀጥታ ተጋጨ። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2010 በስምምነት አለቀ፤ ዩኒቨርሲቲው ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ከፈለ፣ የተረፈውንም ደም መለሰ።

ስህተቱ ያለው በአፍ በተነገረውና በወረቀት በተጻፈው መካከል ነው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚፈቅደው የሰማውን ነው። ስለዚህ ለሁለተኛ ጥናት ናሙና ስትጠይቁ የቅጹን ቃል ብቻ አታንብቡ፤ ያን ጊዜ ለሰብሳቢዎቹ የተሰጠውን የአነጋገር ጽሑፍም አውጡ። ጽሑፉ በፋይል ካልተቀመጠ ፈቃዱን በጠባቡ ተርጉሙት። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ለኮሚቴው አቅርቡ፦ አዲሱ ጥናት ሰዎቹ የሰሙት ውስጥ ይገባል ወይ? ውጤቱ እነሱን፣ ዘመዶቻቸውን ወይም ብሔራቸውን ሊያሳፍር ይችላል ወይ? ተመልሶ መጠየቅ የእውነት አይቻልም ወይስ ያደክማል ብቻ? አድካሚ መሆኑ ከመጠየቅ አያድንም።

ትርፍን በተመለከተ ጆን ሙር የተባለው ታካሚ ጉዳይ ይታወስ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሎስ አንጀለስ ላይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለደም ካንሰር ጣፊያው ወጣ፤ ከዚያም ለዓመታት ከሲያትል እየተመላለሰ ደምና ሌላ ናሙና ሰጠ። ከሴሎቹ በተሠራው የሴል መስመር ላይ ሐኪሙ በፈልሳፊነት የተጠቀሰበት የፓተንት መብት እ.ኤ.አ. በ1984 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ሲወስን ሙር በወጡት ሴሎች ላይ የንብረት መብት የለውም አለ፤ ሐኪሙ ግን የራሱን የጥናትና የገንዘብ ጥቅም አስቀድሞ መንገር ነበረበት አለ። ቢያንስ ይህን አድርጉ፦ ከቡድኑ ውስጥ አክሲዮን፣ የፓተንት ማመልከቻ ወይም ከኩባንያ ክፍያ ያለው ሰው ካለ በቅጹ ላይ ይጻፍ፣ በአፍም ይነገር። «ደምዎ አይሸጥም» የሚለውን ቃል ኩባንያ ሊገባበት በሚችል ጥናት ላይ አትናገሩት።

ከአገር ሲወጣ

ናሙና ከኢትዮጵያ ለመላክ የተፈረመ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትና በአገር ደረጃ የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ምርመራው እዚህ ለምን እንደማይሠራም ማስረዳት አለባችሁ። የብዝኃ ሕይወት ጥቅም መጋራትን የሚመለከተው የናጎያ ፕሮቶኮል የሰውን ዘረመል አይሸፍንም። ስለዚህ የታካሚዎቻችሁ መከላከያ የምትፈርሙት ወረቀት ነው። የቱቦ ብዛትና መጠን፣ የሚሠራው ምርመራ በስሙ፣ ለሦስተኛ ወገን ያለ ፈቃድ እንደማይተላለፍ፣ የተረፈው በስንት ወር ውስጥ እንደሚመለስ ወይም እንደሚወገድ፣ የአገር ውስጥ ተመራማሪ በትንተናውና በጽሑፉ ውስጥ ያለው ድርሻ፣ ከሚመጣ ምርትም ለአገሩ ምን እንደሚገኝ ይጻፍ። «ለተያያዥ ጥናቶች» የሚል ሐረግ ካያችሁ አውጡት። እንዲህ ያለ ሐረግ የውጭው ላቦራቶሪ ያሻውን እንዲሠራ በሩን ይከፍትለታል። የፈቃድ ሳጥኑ ላይ «ከአገር አይውጣ» ያሉት ሰዎች ቱቦዎች ከሚላከው ዕቃ ውስጥ መውጣታቸውን ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም።

መውጣት፣ ማስወገድ፣ ውጤት መመለስ

ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ኮዱና የሚሠራ ስልክ ያለበት ትንሽ ወረቀት ስጡ። ስልኩ የተማሪ የግል ቁጥር አይሁን፤ ተማሪው ሲመረቅ መንገዱ ይዘጋል። የበሽታው ስም ወረቀቱ ላይ አይጻፍ። «ተውኩት» ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ናሙና ይወገዳል፣ ወደ ውጭ የተላከ ካለም እዚያ እንዲወገድ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ማረጋገጫውም በፋይል ይያያዛል። ቀድሞ የተተነተነ ወይም የታተመ መረጃ ግን አይመለስም፤ ይህን ከመፈረማቸው በፊት ንገሯቸው።

በተቀመጠ ደም ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ኤችአይቪ ሲገኝ ዝም ማለት አይቻልም። ማን እንደሚደውል፣ በየትኛው ጤና ተቋም በድጋሚ ተመርምሮ ሕክምና እንደሚጀምር ከመጀመሪያው ቱቦ በፊት ይወሰን፤ የምርምር ላቦራቶሪ ውጤት ለብቻው ለታካሚ አይነገርም። ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ ከታተመው ጽሑፍ በፊት ወይም በዚያው ወር ወደ ቀበሌው ተመልሳችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ያገኛችሁትን ንገሩ። ምንም አዲስ ነገር ካልተገኘም ሄዳችሁ ይህንኑ ንገሯቸው፤ የትራንስፖርቱ ወጪ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።